ባሕር የነካው መጫኛ

አቶ ተክለማርያም ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ስለ ባሕር ሲያወሩ ግን ራሳቸው ቆፍረው ራሳቸው ውሃ የሞሉበት ነው የሚመስሉት።

«ውሃ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? አባይን ስንት ጊዜ ከነጭነቴ ተሻግሬዋለሁ!»

«አባባ፣ የአባይ ማዶው ይታያል። ባሕር ማዶ የለውም» ይላቸዋል ልጃቸው ወንድይፍራው።

«ማዶ ከሌለው ታዲያ አንተ የት ደርሰህ ነው ዕቃ ገዝተህ የመጣኸው?»

የወንድይፍራው እህት ጽጌማርያም ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ትስቃለች። ጽጌ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአራተኛ ክፍል የወጣችው ትምህርቱ ከብዷት አይደለም፤ መምህሩን አላስተምር ስላለች ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የምትገዛው እሷ ናት። አባትና ወንድም ግን የሚገዙ የሚመስላቸው እነሱ ናቸው፤ እሷም ይምሰላቸው ብላ ትታቸዋለች።

ቤታቸው ኮልፌ ነው፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ሎንቺናው ሰው አራግፎ ከሚዞርበት መንገድ ዳር። የፊቱ ክፍል ሱቅ፣ የኋላው መኖሪያ። ሱቁ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፣ የበዛ ነገርም የለም። አራት ፔርሙዝ፣ አንድ ደርዘን የሻይ ብርጭቆ፣ አበባ የተሳለበት የቆርቆሮ ሳህን፣ የእጅ ባትሪ፣ ማበጠሪያ፣ ምላጭ፣ ናፍታሊን፣ ሽታው ከመንገድ ማዶ የሚጣራ ሳሙና። ይኼ ሁሉ በወንድይፍራው እጅ ከዓደን የመጣ ነው። በጭነት መኪና እስከ አሰብ ይወርዳል፤ ከአሰብ ሳምቡክ በምትባል የሸራ ጀልባ ይሻገራል፤ ዓደን ላይ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይገዛና በሳጥን አሽጎ በመጣበት ይመለሳል። የጀልባይቱን ሆድ የትልልቆቹ ነጋዴዎች ጆንያ ይይዘዋል። እንደ ወንዴ ያለው የትንሽ ነጋዴ ሳጥን ከላይ፣ ሰማይ ስር፣ ተጠፍሮ ነው የሚጓዘው።

የቤቱ ጠብ የሚነሳውም ከዚሁ ከማሰሩ ነው።

አቶ ተክለማርያም በደህናው ዘመን ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በአጋሰስ ጭነው ከጎጃም ሸዋ፣ ከሸዋ ጎጃም ሲመላለሱ ነው የጎለመሱት። ኋላ የጭነት መኪና መጣና መንገዱን ቀማቸው። አጋሰሶቹ አንድ በአንድ ተሸጡ፤ ዳማ የምትባለው በቅሎም በመጨረሻ ተሸጠች። አንድ ነገር ብቻ አልሸጡም፤ መጫኛቸውን። መጫኛ ከአንድ በሬ ጥሬ ቆዳ ዙሪያውን ተቀድዶ የሚወጣ ረጅም ጠፍር ነው፤ ጭነት የሚታሰርበት። ግድግዳው ላይ እንደ ሥዕል ሰቅለውታል፣ በየወሩ የኑግ ዘይት ይቀቡታል፣ ይሸታል።

«ውሃ አርከፍክፈህ ታስረዋለህ» ይላሉ፣ ለመቶኛ ጊዜ። «ከዚያ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ብረት ይነክሳል። ገመድ ሲርስ ይበሰብሳል፤ መጫኛ ሲርስ ይጠነክራል። ሃያ ዓመት ስጭን አንድ ጭነት አልወደቀብኝም፣ አንድ!»

የጀልባው ሰዎች የሚያስሩት ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ ነው። ወንዴ በመጀመሪያው ጉዞው በዚያው ገመድ አስሮ በደህና ገባ። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ስድስት ብርጭቆ ተሰብሮ ተገኘ። ወንዴ የሰበረው የአፋር በረሃ መንገድ ነው አለ። አባቱ የሰበረው ገመዱ ነው አሉ። ወንዴ ደግሞ የባሕሩን ነገር እንዲገባቸው ብሎ በባዶ የሽቶ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። አቶ ተክለማርያም ቀመሱት፣ ፊታቸው ተኮማተረ፣ እንትፍ አሉት።

«ጨው ነው! ጨው ደግሞ ቆዳ ይጠብቃል እንጂ አያበላሽም። ቆዳ ነጋዴን ሂድና ጠይቅ!»

ሁለተኛው ጉዞ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ያን ዕለት ጠዋት የባጫ ፊያት መኪና በሩ ላይ ቆሞ ያጓራል። ባጫ የሰበታ ሰው ነው፣ የአሰብን መንገድ እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሾፌር። አቶ ተክለማርያም መጫኛውን ከግድግዳው አውርደው፣ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ለልጃቸው ሰጡ። ወንዴ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ ጉልበታቸውንም ሳመ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና ጽጌን ጠቀሳት።

«ያንን ነገር ከበሩ ኋላ ደብቄዋለሁ። ከሄድኩ በኋላ አባባ ካዩት ረሳው በያቸው።»

«ምነው?»

«መርከበኞቹ ይስቁብኛላ። ደግሞ ይሸታል።»

«አንተስ አትሸትም?»

«ጽጌ ሙች፣ አፍሽን ያዢ።»

አፏን ልትይዝ ትችል ነበር። ነገር ግን ያን ሰሞን ቀይ የላስቲክ ጫማ አምጣልኝ ብላው፣ እግርሽ ገና ያድጋል፣ መጀመሪያ ይጨርስ ብሏት አኩርፋለች። ደግሞ አባቷ በር ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ፣ ትከሻቸው ከአጋሰሶቹ ጋር የተሸጠ መስሎ ሲወርድ አየችና አሳዘኗት። ሁለቱ አንድ ላይ መጡባት። ወንዴ ገና መኪናው ላይ ሲወጣ፣ መጫኛውን እንደ ዘንዶ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ እየሮጠች ወጣች።

«ወንዴ! ኧረ ረስተኸው! ዋናውን ነገር ረስተህ የት ትሄዳለህ!»

ወንዴ እንዴት ብሎ እንዳያት! አባቷ ፊት ምን ይበል? ወረወረችለት፣ ተቀበለ።

«እሱን ይዞ መሄድ ብቻ አይደለም» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «በእሱ እንደምታስር ማልልኝ። አባባ ይሙት በል!»

«ኧረ ተይ አንቺ ልጅ!»

«በላ! ባጫም ይስማ። አባባ ይሙት በል!»

«እኔን በቁሜ ልትገድሉኝ ነው?» አሉ አቶ ተክለማርያም፣ ግን ፊታቸው እንደ ልጅ ፈክቷል። ባጫ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ወንዴም ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

«አባባ ይሙት በእሱ አስራለሁ። አሁንስ? ስመጣ ይኼ ጆሮሽ አይተርፍም።» መኪናው ተንቀሳቀሰ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወንዴ ጮኸ፤ «ጫማሽ ቁጥሩ ስንት ነው?»

ቁጥሯን በጣቷ አሳየችው። ይየው አይየው አላወቀችም፤ አቧራው ሸፈነው።

ወንዴ በአምስት ሳምንት እገባለሁ ብሎ ነበር። አምስተኛው ሳምንት አለፈ። አቶ ተክለማርያም አልደነገጡም፤ ሲራራ ነጋዴ ወር ዘግይቶ ሲገባ ነው የሚያውቁት። ጽጌም ሱቁ ውስጥ ያለቀውን ዕቃ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ «ባሕር ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» እያለች ትመልስ ነበር። ለእትዬ ብዙነሽ ፔርሙዝ፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰው ባትሪ፣ ሁሉም ባሕር ላይ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ወሩ በገባ በሃያ ሰባት፣ አባቷ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሊያስቀድሱ ሄደው ሳለ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ የባጫን መኪና ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆሞ አየችው። ባጫ ኮልፌ ሲገባ ገና ከሩቁ ጥሩምባውን የሚያስጮህ ሰው ነው። ዛሬ ድምፅ የለውም። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሽ ባጫ! ምነው ከእኛ ተደበቃችሁ?» አለች እንስራዋን አስቀምጣ። «ወንዴ የት አለ? ከጆንያው ኋላ ነው? ጆሮዬን ሊይዘኝ ነዋ! ውጣ አንተ!»

በመኪናው ዞረች፣ ሸራውን ገለጠች፣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ባጫ አላስቆማትም። ሦስት ሳጥን አለ፣ የእነሱ ሳጥን፤ ወንዴ ራሱ በጥቁር ቀለም መስቀል የሳለባቸው። ሲሄድ አሥራ አንድ አደርገዋለሁ ብሎ ነበር። አንደኛው ሳጥን በመጫኛው ታስሯል። መጫኛው ደርቆ ቀንድ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። የዚያ የሽቶ ጠርሙስ ውሃ ነው።

«ጋሽ ባጫ» አለች። ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም።

«መርዶው ነገ ጠዋት ነው» አለ ባጫ፣ ቀና ሳይል። «ሽማግሌ ልሰበስብ ነው የመጣሁት። አንቺ ልታይኝ አይገባም ነበር።»

«ያየሁትን አይቻለሁ። ንገረኝ።»

ነገራት። እሱም የሰማው አሰብ ላይ፣ ከመርከበኞቹ ነው። ከዓደን በተነሱ በመጀመሪያው ቀን ነፋሱ ተገለበጠባቸው። በሁለት ቀን የሚገባው መንገድ አምስት ቀን ወሰደ። ሦስት ቀን ሙሉ ማዕበሉ ሳጥኖቹን ሲረጫቸው ዋለ፣ ሲረጫቸው አደረ፤ ፀሐይ ወጥቶ ሳያደርቀው ሌላው ይመጣል። መጫኛው ውሃ ጠጣ፣ አበጠ፣ እንደ አንጀት ለሰለሰ። የጀልባው አዛዥ፣ አንድ ሽማግሌ ዓረብ፣ ፍታውና በእኛ ገመድ እንሰርልህ አለው።

«እሱ ምን አለ?»

ባጫ መሬቱን በጫማው ጫረ።

«ጋሽ ባጫ፣ ምን አለ?»

«ምዬበታለሁ አለ አሉ። አባቴ ይሙት ብዬበታለሁ አላቸው። ሳቁበት። እሱም ሳቀ አሉ።» ባጫ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «በሦስተኛው ቀን ጀልባይቱ ስታዘነብል ሳጥኖቹ ተንሸራተቱ። መጫኛውን ሊያጠብቅ ሮጠ። ሳጥኑ ገፋው። እሱም ስምንቱ ሳጥንም አንድ ላይ ባሕር ገቡ። እስኪመሽ ዞረው ፈለጉት። የቀሩትን ሦስቱን በገመድ አሰሯቸው። ጀልባይቱ ላይ የቀረውን መጫኛ እኔ ነኝ በኋላ አንዱ ላይ የቋጠርኩት፤ የአባቱ ነው፣ ይመለስ ብዬ።»

ጽጌ አላለቀሰችም። መኪናው አጠገብ ቆማ መጫኛውን ታያለች።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አለ ባጫ። «በዚህ ነገር ምንም የለሽበት።»

ያን ጊዜ ነው ባጫም ያንን ጠዋት እያሰበ እንደሆነ ያወቀችው።

«ቢላ አለህ?» አለችው። «አባባ ይኼን ማየት የለባቸውም።»

ቢላ አልበጠሰው አለ። የወፍጮ ቤቱን መጋዝ ተውሶ ባጫ ቆረጠላት። አንድ ክንድ ያህሉን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች፤ የተረፈውን ባጫ ወንዝ ጣለው። ሳጥኑን በቃጫ ገመድ መልሰው አሰሩት። ከዚያ ውሃዋን ቀድታ ቤቷ ገባች። አባቷ ከቀራንዮ ሲመለሱ ምሳ አቀረበች።

«ዛሬ ወጡ ምን ሆነ? ጨው የለውም» አሉ።

«ረስቼው ነው» አለች፣ ጨው ልታመጣ ተነሳች። ጓዳ ገብታ የጨው ዕቃውን ይዛ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ሲጠሯት አቤት፣ ሲቀልዱ ሳቅ። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ኮልፌ ውስጥ ከባጫ በቀር ወንዴ መሞቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

መርዶው ተነገረ። ሴቶቹ ጮኹ። እትዬ ብዙነሽ፣ የጎረቤቱ የደሜ ሚስት፣ ሰባት ወር እርጉዝ ሆና መሬት ላይ ወደቀች። አቶ ተክለማርያም ግን ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ባጫን ትኩር ብለው አዩትና ጠየቁ።

«በምን ነበር ያሰረው?»

ባጫ ጽጌን አየ። ሽማግሌዎቹ ባጫን አዩ። አባቷ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር፣ በአንድ ቃል የሚወድቅ ነገር ነበር።

«በገመድ» አለች ጽጌ። «በዚያ በጀልባዎቹ ገመድ። ሳጥኑም በገመድ ታስሮ ነው የመጣው።»

አቶ ተክለማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አይ ልጄ!» አሉ። «አልሰማኝም። አባቱን አልሰማም።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

አስከሬን ስላልነበረ የተለቀሰው በልብሱ ነው። ኮቱን ዘርግተው፣ ሙዚቃ የሚወድ ነበር ብለው ሬዲዮውን ከጎኑ አስቀምጠው። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር አባቷ ያንኑ ይደግማሉ፤ መጫኛ ሰጥቼው ነበር፣ ምሎልኝ ነበር፣ ዓደን ሲደርስ ናቀው፣ በገመድ አሰረ። ሰዉም አንገቱን ይነቀንቃል። «የዘንድሮ ልጅ!» ይላሉ። «ምሎ የከዳ!» አለች አንዲት ሴትዮ፣ ንፍሮ እየዘገነች። ጽጌ የንፍሮውን ሰፌድ ከእጇ ነጠቀቻት። ሐዘን ነው ብለው አለፏት።

ሦስቱን ሳጥን ብቻዋን ከፈተቻቸው። ማበጠሪያ፣ ናፍታሊን፣ መስታወት፣ የሕፃን ዱቄት። ቀይ ጫማ የለም። ከስምንቱ በአንዱ ይሁን፣ ጭራሽ ሳይገዛው ይሁን፣ ጣቷን አይቶ ይሁን ሳያይ፣ የሚነግራት ሰው የለም። ወንድሟን ሁለት ጊዜ የገደለችው መሰላት። መጀመሪያ አስምላ፤ ቀጥሎ የማለውን ጠብቆ የሞተውን ልጅ ምሎ የከዳ አድርጋ። አሁን ትናገር? ብትናገር ሦስተኛው ሟች አባቷ ናቸው። አፏ አርፎ የማያውቅ ልጅ አርባ ቀን ዝም ስትል አንድም ሰው አላስተዋለም።

ከአርባው በኋላ አቶ ተክለማርያም ከተኙበት ተነሱ። አንድ ጠዋት ከቄራ አዲስ የበሬ ቆዳ አሸክመው ገቡ።

«ምንድን ነው አባባ?»

«ደሜ ሐሙስ ወደ ዓደን ሊሄድ ነው። ባጫ እንደሆነ ከአሰብ አልተመለሰም፤ በሌላ መኪና ነው የሚወርደው። የወንዴን መንገድ እሱ ሊይዘው ነው። እንደ ልጄ እንዲሆን አልፈልግም።»

ቆዳውን ፋቁት፣ ጓሮው ውስጥ ወጠሩት፣ ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ቀደዱት። በሁለቱ ባሕር ዛፎች መሐል ዘርግተው ሲያለፉት ያንጎራጉራሉ። እንጀራ ጨመሩ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ጽጌ በጓሮው በር ቆማ ታያለች።

መጀመሪያ ደሜን ያዘችው።

«ጋሽ ደሜ፣ በጀልባው ሰዎች ገመድ ብታስር አይሻልህም? እነሱ ባሕሩን ያውቁታል።»

ደሜ እንደ እብድ አያት። «ወንዴን የበላው ገመድ አይደለም እንዴ? ራስሽ አይደለሽ የነገርሽን?»

ምን ትበል? እውነቱን ለደሜ መንገር ለብዙነሽ መንገር ነው፤ ለብዙነሽ መንገር ደግሞ ለሎንቺናው ተሳፋሪ ሁሉ መንገር ነው። አባቷ ከመንገድ ይሰሙታል። ሰኞ ዕለት እትዬ ብዙነሽ ሆዷን አስቀድማ መጣች፣ ሳቅ እያለች።

«አንቺ ጽጌ፣ ደሜን አስምዬዋለሁ! አባባ የሰጡህን ንቀህ በሌላ ብታስር ብዬ፣ በሆዴ ልጅ አስምዬዋለሁ። ወንዶች ካላስማልሻቸው አይሆንም።»

ጽጌ የያዘችው ሳህን ወደቀ። የቆርቆሮ ነውና አልተሰበረም፤ ዝም ብሎ ሲዞር፣ ሲዞር ቆየ።

ወደ ጓሮ ወጣች። አባቷ አዲሱን መጫኛ እየጠቀለሉ ነበር። ከሣጥኗ ሥር ያወጣችውን አንድ ክንድ ቁራጭ ፊታቸው አስቀመጠች። ነጩ ጨው እንዳለ ነው። አቶ ተክለማርያም አነሱት፣ አገላበጡት። የራሳቸውን አቀዳደድ ሰው አያስተዋውቃቸውም።

«ይኼ…»

«በመጫኛው ነው ያሰረው አባባ። በገመድ አይደለም። ዋሽቼ ነው።» ሁሉንም ነገረቻቸው። ከበሩ ኋላ መደበቁን፣ እሷ ሮጣ ማምጣቷን፣ ሦስቱን ቀን፣ የዓረቡን አዛዥ፣ ምዬበታለሁ ማለቱን። ስትጨርስ በቅሎ እንደ ረገጣት ሰው ደረቷን ይዛ ቆመች። ይምቱኝ ብላ ጠበቀች። ቢመቷት ደስ ባላት።

አልመቷትም። ቁራጩን ከአዲሱ መጫኛ አጠገብ አስቀመጡ። ከዚያ፣

«ከመጡት ሳጥኖች አንዱን አምጪ» አሉ።

አመጣች። በአዲሱ መጫኛ አሰሩት፤ ውሃ አርከፍክፈው፣ በጉልበታቸው ተጭነው፣ በእሳቸው ቋጠሮ፣ በዚያ ሃያ ዓመት አንድ ጭነት ባልጣለው። ፀሐይ ላይ አወጡት። ከሰዓት በኋላ በጣታቸው ሲመቱት እንደ እንጨት ጮኸ። ጥፍራቸውን ከሥሩ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ጥፍር አልገባም።

«አየሽ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ውሃ አምጪ በገንቦ። ጨውም።»

ጨውን በእፍኝ ገንቦው ውስጥ እያደረጉ ውሃውን በጣታቸው ይቀምሳሉ። ደግሞ ይጨምራሉ። ፊታቸው ያን ጊዜ በሽቶ ጠርሙሱ እንደተኮማተረው ሲኮማተር አቆሙ። «ይኼው ነው» አሉ። በጣሳ ቀድተው ሳጥኑ ላይ አፈሰሱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አፈሰሱ። በርጩማ አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ማክሰኞን እንዲሁ ዋሉ። ጽጌ ሱቁን ዘጋች። ጣሳው እሳቸው ሲደክማቸው ወደ እሷ ይዞራል። ማክሰኞ ምሽት ላይ መጫኛው ረጥቦ ነበር፣ ግን ይዟል። አባቷ ነካ አድርገው ቀና ብለው አዩአት፤ ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ያን ጊዜ ጽጌ ገባት፤ እሷም እየለመነች ነው። ያዝ፣ አትላላ፣ እባክህ መድኃኔዓለም እንዳይላላ፣ እኛ አንሁን የገደልነው፣ ነፋሱ ይሁን፣ ጀልባይቱ ትሁን። ከያዘ ደሜም በእሱ እንደሚያስር፣ ይኼ የደሜን ሞት መለመን መሆኑን አውቃ እንኳ መለመኗን አልተወችም።

«በክረምት አንነሳም ነበር እኮ» አሉ አባቷ ድንገት፣ ለራሳቸው። «ሰኔ ሲገባ ጭነት አራግፈን እስከ መስቀል እንቀመጣለን። መጫኛዬን ሃያ ዓመት ይዤ… ሳይደርቅ የዋለበትን ቀን አላየሁትም።»

ረቡዕ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠጉ። መጫኛው አብጧል፣ መልኩ ነጣ ብሏል። ጥፍራቸውን ሰደዱ፤ ገባ። ጣታቸውን ሰደዱ፤ ገባ። ከዚያ መዳፋቸውን በጠፍጣፋው ከመጫኛው ሥር አስገቡት። እስከ አንጓቸው ድረስ፣ ያለ ጭንቅ፣ እጅጌ ውስጥ እንደሚገባ እጅ ገባ። ሳጥኑን በእግራቸው ቢገፉት ከማሰሪያው ውስጥ ተንሸራቶ ወጣ።

ጽጌ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሰምቶኝ ነበር» አሉ አቶ ተክለማርያም። «ልጄ ሰምቶኝ ነበር።»

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ብዙነሽ የደሜን ስንቅ እየቋጠረች ስትዘፍን ይሰማል።

«ሂጂ» አሉ አባቷ፣ ሳያዩአት። «ማሐላው ይፍረስ በያቸው። በመጫኛ እንዳያስር። ለምን ቢሉሽ… ንገሪያቸው። ሁሉንም ንገሪያቸው። ለሰውም ሁሉ ይንገሩ፣ ልጄ ምሎ አልከዳም።»

ጽጌ ተነሳች። አጥሩ ጋ ደርሳ ዞር ብላ አየቻቸው። ሳጥኑ ወድቋል። አባቷ በርጩማው ላይ እንዳሉ፣ እጃቸው አሁንም ባዶው መጫኛ ውስጥ ነው። አላወጡትም።